በትከሻ ውስጥ የተጠራቀመ ካልስየም፦ ያለ ቀዶ ጥገና ምን ማድረግ ይቻላል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ስብከት አይደለም፤ ስለ ትከሻ ሕመም ነው። «ፓስተር በዚህ ምን አገባው?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። የተማርኩት በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንጂ በሕክምና ትምህርት ቤት አይደለም። ሆኖም በዋጫ ከተማ በምናገለግልበት አጥቢያ አንድ ነገር ደረሰብንና ነገሩን ለማወቅ ብዙ ሐኪሞችንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ጠየቅሁ፣ ያገኘሁትንም አነበብሁ። ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ አንድ ማስታወቂያ ከመድረክ ባልተናገርሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እኅታችን አለች፤ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች፣ በመዘምራን ውስጥ ለብዙ ዓመት ያገለገለች፣ በቤቷ ቡና የምትለቅም፣ እንሰት የምትፍቅ፣ እንጨትና ውኃ የምትሸከም ታታሪ ሴት ናት። ወራቱ ቡና የሚለቀምበት ነበር። ቀኝ ትከሻዋን ለወራት ቀስ እያለ ሲቆረጥማት ከቆየ በኋላ አንድ ሌሊት ከእንቅልፏ በጩኸት ነቃች። እጇን ማንሣት ቀርቶ ልብስ እንኳ ሲነካት አልቻለችም። በማግሥቱ ወጌሻ ተጠራና ትከሻዋን አሽቶ ጎተተው፤ ሕመሙም ባሰ። እሑድ በአምልኮ ጊዜ ሁላችን እጆቻችንን ስናነሣ እርሷ ግራ እጇን ብቻ አነሣች። ይህን አይተው «ምን ሆና ነው?» የሚሉ፣ ከዚያም አልፈው «መተት ነው» የሚሉ፣ «ያልተናዘዘችው ነገር ይኖራል» የሚሉ ሁሉ ተነሡ። ስለዚህ ወሬ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

በመጨረሻ ራጅ ተነሣች። በራጁ ላይ ከክንዷ አጥንት ራስ በላይ ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ታየ። ፊልሙን ያየው ሰው፣ የትና ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ «ይህ ካልስየም ነው፤ በቀዶ ጥገና ካልወጣ እጅሽ ሽባ ይሆናል» አላት። ባለቤቷ ጊደራቸውን ሊሸጥ ተነሣ። እኔም በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ ለእኅታችን ኦፕራሲዮን ቅዱሳን እንዲረዱ ማስታወቂያ ተናገርሁ። ሰዉም ከጉድለቱ ሰጠ። ጥያቄውን ግን ማንም አልጠየቀም፦ ይህ ነገር የግድ በቢላዋ መውጣት አለበት ወይ?

ካልስየሙ ከየት መጣ?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ትከሻህን በሌላኛው እጅህ ያዝና ክንድህን ወደ ጎን ቀስ ብለህ አንሣው። ከእጅህ መዳፍ በታች ጠንካራ አጥንት ይሰማሃል፤ ይህ የትከሻ ጣሪያ ነው። ከጣሪያው ሥር የክንድህ አጥንት ራስ አለ። በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ የአራት ጡንቻዎች ጅማቶች የአጥንቱን ራስ እንደ ኮፍያ ሸፍነው ይዘውታል፤ ከእነርሱ በላይ ደግሞ ጅማቶቹ ከአጥንቱ ጋር እንዳይፋተጉ የምታለሰልስ ስስ ከረጢት አለች። ካልስየሙ የሚጠራቀመው በእነዚህ ጅማቶች ውስጥ ነው። ከአራቱም ይበልጥ የሚያዘው ከላይ ያለውና ክንድን ወደ ጎን ለማንሣት የሚያገለግለው ጅማት ነው።

ብዙ ሰው «ካልስየም» ሲባል ወተት ትዝ ይለዋል። እኅታችንም ይህን እንደ ሰማች ወተትና አይብ ተወች፣ ጎመንም ቀነሰች። ይህ ከንቱ ድካም ነው። ሕመሙ ከምግብ አይመጣም፣ ምግብ በመተውም አይጠፋም፤ በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያለው የካልስየም መጠን አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ነው። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ወተታችሁን ጠጡ። የሚሆነው ነገር ሌላ ነው፦ በጅማቱ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሕዋሳት ባሕርያቸውን ለውጠው የካልስየም ቅንጣቶችን በዙሪያቸው ያስቀምጣሉ። ለምን እንደሚለወጡ እስከ ዛሬ ጠርቶ አልታወቀም። የሚታወቀው በብዛት ከ30 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ እንደሚታይ፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች እንደሚበዛ፣ ስኳር በሽታና የእንቅርት ዕጢ መዛባት ያለባቸው ሰዎችም ይበልጥ እንደሚጠቁ ነው። ሸክም ብቻውን ያመጣዋል ማለት አይቻልም፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚቀመጡ የቢሮ ሠራተኞችም ይያዛሉና። የታመመ ትከሻ ላይ ሸክም መጨመር ግን ሕመሙን እንደሚያባብስ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ቢሮ ሠራተኞች ካነሣሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ከ6,000 በላይ የሚሆኑ ሠራተኞች ትከሻቸው ተመረመረና ከመቶ 2.7 ያህሉ ካልስየም ተገኘባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ምንም ሕመም አልነበራቸውም። ይህን በልባችሁ ያዙ፤ ምክንያቱም ራጅ ላይ ነጭ ነገር መታየቱ ብቻውን ለቀዶ ጥገና ምክንያት አይሆንም፣ ሕመሙ ከእርሱ የመጣ ስለ መሆኑም ሁልጊዜ ማስረጃ አይደለም። የሚታከመው ሰውየው እንጂ ፊልሙ አይደለም።

ሕመሙ ሲበረታ ምን እየሆነ ነው?

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ይህ ክፍል ነው። በካናዳ ኦታዋ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሃንስ ኡቶፍ ይህ በሽታ በደረጃዎች እንደሚያልፍ አስረድተዋል። በመጀመሪያ የጅማቱ ሕዋሳት ይለወጣሉ። ቀጥሎ ካልስየሙ ይጠራቀማል፤ በዚህ ጊዜ እንደ ጠመኔ ደረቅ ነው። ከዚያ ያርፋል፤ ለወራት ወይም ለዓመታት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ ዘመን ሰውየው ምንም ላይሰማው ወይም ክንዱን ሲያነሣ ትንሽ ሊያመው ይችላል። በኋላ ግን ሰውነት ራሱ ይነሣበታል። ቀጫጭን የደም ሥሮች በክምችቱ ዙሪያ ያድጋሉ፣ ባዕድ ነገር የሚበሉ ሕዋሳት በእነርሱ በኩል ይመጣሉ፣ ጠመኔውም ሟሙቶ እንደ ጥርስ ሳሙና ይሆናል። ያን ጊዜ በጅማቱ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ አንዳንዴም የሟሟው ካልስየም ከላይ ወዳለችው ከረጢት ይፈስና በኃይል ያስቆጣታል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣው፣ ጠንካራውን ሰው የሚያስለቅሰው ሕመም በአብዛኛው ይህ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። እኅታችን «እጄ ሞተ» ብላ በጮኸችበት ሌሊት ሰውነቷ ካልስየሙን ማጽዳት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። እጅግ የሚያመው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የመዳኛው ጊዜ ነው። ይህ ብርቱ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል፤ ከዚያ በኋላ ጅማቱ በወራት ውስጥ ራሱን ይጠግናል። በሁሉም ሰው ግን እንዲህ ቶሎ አይሆንም። በአንዳንዱ ካልስየሙ ለዓመታት አልነቃነቅ ይላል፣ ሕመሙም ይመላለሳል። ቢሆንም አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና እንደሚሻለው ሐኪሞች ይስማሙበታል።

በዚያ በጋለው ጊዜ ትከሻውን መጎተትና ማሸት ለምን እንደሚያባብሰው አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ወጌሻዎቻችንን አላቃልልም፤ ሐኪም በሌለበት ስንት ዘመን ያገለገሉ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የተቆጣ ጅማት ወልቆ የወጣ አጥንት አይደለም፣ የሚመለስበትም ቦታ የለውም።

በቅድሚያ ምርመራ

ከዋጫ የምትነሡ ወገኖች የመጀመሪያው እርምጃችሁ አቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ወይም በሌላ አቅጣጫ ወደ ሚዛን አማን፣ ጉዳዩ ከበድ ካለም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ይጻፍላችኋል። ከቦንጋ እስከ ጅማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተቃጠለ ትከሻ ይዞ በመኪና መንገጫገጭ ቀላል አይደለምና ክንዳችሁን በነጠላ ከአንገታችሁ ጋር አንጠልጥላችሁ ተጓዙ። ተራ ራጅ በአብዛኛው ለመለየት ይበቃል። በአልትራሳውንድም ይታያል። ውድ ምርመራ ካላዘዙላችሁ አትከፉ።

ምርመራው ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ የትከሻ ሕመም ሁሉ ካልስየም ስላልሆነ ነው። ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ትከሻ ደርቆ አልንቀሳቀስ የሚልበት ሌላ በሽታ አለ፤ እርሱም ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ይበልጥ ይይዛል። ሕመሙ ከአንገት ሊመጣ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን የሚከተሉትን ካያችሁ ስለ ስፖርትና ስለ ማሻ አታስቡ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሂዱ፦ በግራ ትከሻና ክንድ የሚወርድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ የልብ ሊሆን ይችላል። ትከሻው ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ መገጣጠሚያው ውስጥ መመርቀዝ ሊኖር ይችላል። ከመውደቅ በኋላ ክንድ አልነሣም ካለ ስብራት ወይም መውለቅ ይታሰባል። ክብደት እየቀነሰና ሌሊት እያላበ ሳምንታት የሚቆይ ሕመምም ቲቢን ጨምሮ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

የፊዚዮቴራፒ ሕክምናው

በጅማ ያገኘናት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን አየችው፣ እኅታችንንም አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ መረመረቻት። ከዚያ «ገንዘቡን ያዙት፤ መጀመሪያ ሦስት ወር እንሞክር» አለችን። ከመኪና ውስጥ ጀምሮ ያለቀስነው እንባ ሁሉ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቆመ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይህ ሙያ በአገራችን ገና ወጣት ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ «ፊዚዮቴራፒ» ሲባል ማሸት ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

ሕመሙ በጋለበት የመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ማብረድ ነው። ክንድን ማሳረፍ፣ ነገር ግን ጨርሶ አለማሰር። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትከሻ ላይ ማድረግ፤ በረዶ የሚያገኝ ሰው በጨርቅ ጠቅልሎ ይጠቀም፣ ቆዳው ላይ በቀጥታ ግን አያስቀምጥ። ሲተኙ በጀርባ ሆኖ፣ የታመመውን ክንድ በታጠፈ ጋቢ ወይም በትራስ ላይ ማሳረፍ፤ በታመመው ጎን አለመተኛት። እንደ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ መድኃኒቶች ለጥቂት ቀን ይረዳሉ፤ ሆኖም ጨጓራ፣ የኩላሊት በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴትም፣ ሐኪም ሳይጠይቁ እንዳይወስዱ። በአገራችን መድኃኒቱ ከሱቅ እንደ ከረሜላ ስለሚገዛ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

ከዚያ እንቅስቃሴው ይጀምራል። የመጀመሪያው እጅግ ቀላል ነው። ጎንበስ በሉ፣ በደህናው እጃችሁ ጠረጴዛ ወይም የወንበር መደገፊያ ያዙ፣ የታመመው ክንዳችሁ እንደ ሞተ ነገር ወደ መሬት ይንጠልጠል። አሁን ሰውነታችሁን በቀስታ በማወዛወዝ ክንዱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ጎን፣ ከዚያም በትንሽ ክብ አንድ ሁለት ደቂቃ አወዛውዙት። የሚያወዛውዘው ወገባችሁ ነው፤ የትከሻው ጡንቻ አይሠራም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። ይህን እንቅስቃሴ ያስፋፉት የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ትከሻ ትልቅ መጽሐፍ ጽፈዋል፣ እንቅስቃሴውም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ቀዶ ሐኪም ሆነው ሳለ ስማቸው የሚነሣው ቢላዋ በማይነካው ነገር መሆኑ ያስቀኛል።

ሕመሙ ሲበርድ ደግሞ ትከሻው እንዳይደርቅ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በጀርባችሁ ተኙና ዱላ በሁለት እጃችሁ ያዙ፤ ደህናው እጅ የታመመውን እየገፋ ወደ ራስ በላይ ያንሣው፣ ማመም ሲጀምር ቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ መልሱ። ወይም ከግድግዳ ፊት ቆማችሁ በጣቶቻችሁ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ውጡ። እኅታችን የደረሰችበትን ቦታ በየሳምንቱ በከሰል ምልክት ታደርግ ነበር፤ ልጆቿም ቁመታቸውን ከጎኑ ለኩበት።

ሦስተኛው ማጠንከር ነው፣ ብዙ ሰው የሚተወውም ይህን ነው። ሕመሙ ስለ ቀረ ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ሸክሙ ይመለሳል፣ ከሁለት ወር በኋላም ያው ሕመም ይመለሳል። መጀመሪያ ክርናችሁን በጎናችሁ አጥፋችሁ ጡጫችሁን በግድግዳ ላይ ግፉ፤ ክንዱ ሳይንቀሳቀስ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያዙና ልቀቁ፣ አሥር ጊዜ ያህል ድገሙት። የጀርባችሁን የትከሻ አጥንቶች እርስ በርስ እንደምታቀራርቡ ሆናችሁ ወደ ኋላና ወደ ታች ሳቡ። ይህ ሲቀል ተለጣጭ ላስቲክ ከበር እጀታ ላይ አስራችሁ ክርናችሁን ከጎናችሁ ሳትለዩ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ሳቡት። ባለሙያዋ ባለ ቀለም የፊዚዮቴራፒ ላስቲክ ነበራት፤ እኛ ግን ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠን ተጠቀምን፣ ሠራም።

«ምን ያህል ሕመም ነው የምታገሠው?» ብላ እኅታችን ጠየቀች። የተሰጣት መልስ እጅግ ጠቅሟታል። ሕመምን ከ0 እስከ 10 ብንሰፍረው፣ እስከ 3 ወይም 4 ያለውና ከእንቅስቃሴው በኋላ በዚያው ቀን የሚበርደው አይጎዳም። በማግሥቱ ጠዋት ከትናንቱ ብሶ የሚገኝ ከሆነ ትናንት በዝቷልና ይቀነስ። «ካልታመመ አይድንም» ብሎ ጥርስ ነክሶ መታገል ለዚህ በሽታ አይሆንም።

ስለ ማሽኖቹስ?

በከተማ ባሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍሎች በድምፅ ሞገድ የሚሠራ አልትራሳውንድ አለ፤ ይህ ፎቶ የሚያነሣው ሳይሆን የሚያክመው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከቪየና የወጣ የታወቀ ጥናት ነበር፦ 54 በሽተኞች በስድስት ሳምንት ውስጥ 24 ጊዜ ታከሙ፣ ግማሾቹ በሚሠራ ማሽን፣ ሌሎቹ በጠፋ ማሽን። ሕክምናው እንዳለቀ በእውነተኛው ማሽን የታከሙት ሕመማቸው ይበልጥ ቀነሰ፣ ካልስየማቸውም በብዙዎች ሟሟ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ግን፣ ካልስየሙ ይበልጥ የጠፋው በእነርሱ ሆኖ ሳለ፣ በሕመም በኩል በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ጠፋ። ስለዚህ ማሽኑ ማስታገሻ እንጂ ግዴታ አይደለም። 24 ጊዜ ከዋጫ ጅማ መመላለስ የማይችል ሰው መዳን ቀረበት ማለት አይደለም።

ከዚህ ጠንከር ያለ የግፊት ሞገድ ሕክምናም አለ፤ ሐሳቡ የመጣው የኩላሊት ጠጠር ከሚሰብረው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመንና በኦስትሪያ በ144 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ጠንካራው ሞገድ በእጅጉ እንደሚረዳ አሳየ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት በርካታ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመለከት ጥቅሙ ትንሽ ሆኖ አግኝቶታል። የእኔ አስተያየት፣ እንደ ተራ ሰው፣ አጠገቡ ያለና ገንዘብ የተረፈው በሐኪም ምክር ይሞክረው፤ ለዚህ ሲባል ግን ጊደር አይሸጥ።

በመርፌ ካልስየሙን ማጠብም አለ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ መርፌ ያስገባና ክምችቱን በውኃ ያጥባል፤ ብዙ ጊዜ ከስቴሮይድ መርፌ ጋር። እ.ኤ.አ. በ2023 በኖርዌይና በስዊድን ሆስፒታሎች በ220 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ከአራት ወር በኋላ የታጠቡትና የታጠቡ መስሏቸው ያልታጠቡት እኩል ሆነው ተገኙ። ሁሉም ተሻላቸው። ጊዜ ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

አቼቶና ሎሚ መቀባትንም የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አሲድ ካልስየምን ያሟሟል የሚለው ሐሳብ ሐኪሞችም አስበውታል፤ አቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ በኤሌክትሪክ በቆዳ በኩል ለማስገባት ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከካናዳ የወጣ አነስተኛ ጥናት ሕክምናው ካልተደረገላቸው የተሻለ ውጤት አላገኘም። በኤሌክትሪክ ካልሠራ በእጅ ብትቀቡት ቆዳችሁን ከማቃጠል አያልፍም።

ቀዶ ጥገናውስ? ቦታ አለው። ለወራት በትክክል እንቅስቃሴውን የሠራ፣ ሌላውንም የሞከረ፣ አሁንም እንቅልፍና ሥራ ያጣ ሰው ቢኖር የአጥንት ሐኪም በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ክምችቱን ሊያወጣለት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ያው ፊዚዮቴራፒ አይቀርለትም።

ስለ ጸሎት አንድ ነገር ልበልና ወደ እኅታችን ልመለስ። ለእርሷ ጸልየናል፣ አሁንም እንጸልያለን። ወደ ሐኪም ስትሄድ ግን «እምነቷ ደከመ» ያሏት ነበሩ። ከሐዋርያው ጳውሎስ ጋር ሲጓዝ የነበረው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበር እነዚህ ወገኖች ረስተውታል መሰለኝ። ከዚህ በላይ አልከራከርም።

እኅታችን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ለውጥ አላየችም፤ ተስፋ ቆርጣ ዱላውን የጣለችበት ቀንም ነበር። ውኃ የሚቀዱላት የሴቶች ኅብረት እኅቶች ተራ ገቡ፤ እንሰት መፋቁንም ጎረቤቶቿ ያዙላት። ይህ እርዳታ ባይኖር እንቅስቃሴው ብቻውን ይሠራ ነበር ብዬ አላምንም፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሸከም ትከሻ ማታ አሥር ደቂቃ ዱላ መግፋት ምን ይጠቅመዋል? በሁለተኛው ወር የግድግዳው የከሰል ምልክት ከዓይኗ በላይ ወጣ። በአራተኛው ወር ሁለቱንም እጆቿን አንሥታ ስትዘምር አየናት። በድጋሚ በተነሣችው ራጅ ነጩ ደመና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ሆኖም ሳስቷል፣ ጠርዙም ደብዝዟል። እጇን ወደ ኋላ አዙራ መቀነቷን ማሰር ግን እስካሁን ይቸግራታል፤ ባለሙያዋም ይህ መጨረሻ ላይ የሚመለስ ነው ብላታለች።

ገንዘቡን በሚመለከት በዚያው መድረክ ላይ ወጥቼ ተሳስቼ እንዳቸኮልኋችሁ ተናገርሁ፤ የሰጠ ሁሉ መጥቶ እንዲወስድም አሳወቅሁ። ጥቂቶች ወሰዱ። የቀረው በእኅታችን ፈቃድ ወደ ጅማ ለሚላኩ ሌሎች ሕሙማን የመኪና መሳፈሪያ እንዲሆን ሽማግሌዎች ወሰኑ። እስካሁን ሦስት ሰዎች ሄደውበታል፤ ከእነርሱ መካከል አንዱ ትከሻው ሳይሆን ጉልበቱ ነበር የታመመው። ጊደሯም አልተሸጠችም፤ ባለፈው ክረምት ወልዳለች።